ከተሊቸሪ የመጡት ሁለት ሰዎች

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። በመጀመሪያው ቀን የሠራሁት ሥራ የአንድ ጣሊያን ማርሻሎ፣ የበታች ሹም፣ ሱሪ ማቃጠል ነበር።

ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ገበያው ዳር ያለች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ናት። ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ ገና ዓመት አልሞላውም። እኔ የሃያ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ከዲማ የቅኔ ትምህርቴን አቋርጬ የመጣሁ። መንገዱ ሁሉ ወታደር ሆኖ ለተማሪ መዘዋወሪያ ጠፍቶ ነበር። ስለ መርፌ የማውቀው የብራና መጽሐፍ መጠረዝ ብቻ ነው።

ባለ ሱቁ ህንዳዊ ነበሩ። ስማቸው ጎቪንዳን ነው፤ ገበያተኛው ግን ስሙ አልያዝለት ብሎ "ጎበዜ ባንያን" ይላቸው ነበር። ያን ጊዜ ህንዳዊን ሁሉ ባንያን ነበር የምንለው። በጅቡቲ ገብተው፣ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሰፍተው፣ ከጣሊያን በፊት ዓባይን ተሻግረው ማርቆስ የከተሙ ሰው ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲሠሩ ከከንፈራቸው መሐል መርፌ የማይጠፋ።

ምን እንደምችል ጠየቁኝ። ቅኔ እችላለሁ አልኳቸው። የከሰሉን ካውያ አስጨበጡኝ። የከሰል ካውያ ልብስ ከመንካቱ በፊት ወደ ውጭ ወጥቶ አመዱ እፍ ይባላል። ይህን ማን ይንገረኝ? እኔ እፍ ያልኩት እዚያው ሱሪው ላይ ነው። አንዲት ፍም ከጉልበቱ ላይ አረፈችና የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አወጣች።

አለቃዬ አልተቆጡም። ሱሪውን ገለበጡ፣ ከውስጥ እጥፋቱ ክር መዘዙ፣ ያንኑ ክር በቀጭን መርፌ አንድ በላይ አንድ በታች እያሳለፉ ቀዳዳውን ሸመኑት። ማርሻሎው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ለበሰው፣ በመስታወት ወዲያ ወዲህ አለበትና ሄደ። በዚያ ቀን ከስፌት የተማርኩት ይኸው ነበር። ስለ ድል አድራጊዎቻችን ዓይንም አንድ ነገር ተምሬያለሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ መሆኔን ስትሰማ ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። የካህን ልጅ ከባንያን ሱቅ ተቀምጦ የሰው ሱሪ ሲጠቅም ታይቶ አይታወቅም አለች። የሸማኔውን ልብስ ለብሰን ሸማኔውን "ቁጢት በጥ" እያልን የምንሰድብ፣ በቀጥቃጩ ማረሻ አርሰን ቀጥቃጩን ቡዳ የምንል ሕዝብ ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች የሌላ አገር ሰው ስነቅፍ የራሴን አገር ንጹሕ አድርጌ አይደለም።

በስድስት ወር ውስጥ ልክ መውሰድ፣ በሳሙና ቁራጭ ጨርቅ ላይ ማስመር፣ ገበር መግጠም፣ የቁልፍ ቀዳዳ መዘምዘም ተማርኩ። የስፌት መኪናው አንድ ነበር፤ እሱን የነካሁት በሰባተኛው ወር ነው። አለቃዬ መቀስ ለማንም አይሰጡም ነበር። ጨርቅ ሲቆርጡ ሱቁ ውስጥ የሚያወራ ሰው ካለ እስኪጨርስ መቀሱን ይዘው ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን አገርዎ የት ነው አልኳቸው። በህንድ ደቡብ፣ በባሕር ዳር፣ ተሊቸሪ የምትባል ከተማ ነች አሉኝ። ባሕሩ ድንጋይ ሲመታ ከቤታቸው ይሰማል። ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል። ዝናቡ ከጎጃም ክረምት ይብሳል። ይህን ማመን አልቻልኩም።

ሁለተኛው የተሊቸሪ ሰው ቻንዱ ይባላል። በዚያን ዘመን "አንቱ" ነበር የምለው፤ ዛሬ አልልም።

ቻንዱ የመጣው ከጣሊያኖች በኋላ፣ በጣሊያኖች ካሚዮን ነው። ለጦሩ ካኪና አቡጀዲ የሚያቀርብ ነጋዴ ነበር። አዲስ አበባ ሳለ የአገሩ ልጅ ማርቆስ ላይ እንደሚሰፋ ሰምቶ፣ የወታደሩን ልብስ ሊያሰፋው ፈልጎ መጣ። ነጭ ኮት፣ ባለ ብር እጀታ ከዘራ፣ በቅባት የተኛ ጸጉር። ወደ ሱቁ ሲገባ አለቃዬ ከመኪናው ተነሥተው ቆሙ። ለደንበኛ ያለችውን አንዲት ወንበር ስቦ ተቀመጠባት። እስኪሄድ ድረስ እሳቸው እንደቆሙ ናቸው። ለሁለት ዓመት፣ በመጣ ቁጥር፣ እንዲሁ ነበር።

ተቀምጦ የሚያወራው ስለ ሥራ አልነበረም። ጥሩ አማርኛ ነበረው፣ በእሱም የሚናገረው ስለ ዘሩ ነው። አያቱ በተሊቸሪ ዳኛ ነበር። የአጎቱ ቤት ሰባት በር አለው። ከዚያች ከተማ የወጡ ታላላቅ ሰዎች በሙሉ ወይ ዘመዶቹ ናቸው ወይ የዘመዶቹ አማቾች። ደንበኛ ሱቁ ውስጥ ሲኖር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ማንም ሳይጠይቀው "እኔ የተሊቸሪ ሰው ነኝ" ይላል፣ የዳሞት ገበሬ ተሊቸሪን የሚያውቃት ይመስል።

ሲሄድ እውነቱን ነው ወይ ብዬ አለቃዬን ጠየቅኋቸው።

"እውነት ነው" አሉኝ። "ትልቅ ቤት ነው። እኔ አጥሩን አይቻለሁ።"

እንደ ዝቅተኛ ዘር የሚቆጠረው የእሳቸው ወገን ከዚያ አጥር ወዲያ ማለፍ፣ በመንገድም ቢሆን ወደ ቻንዱ ወገን መቅረብ አይፈቀድለትም ነበር። ይህን የነገሩኝ ቁልፍ እየተከሉ፣ ስለ ዝናቡ በነገሩኝ ድምፅ ነው።

እርስዎ ታላቅ የሚሏቸው የከተማዎ ሰዎችስ እነማን ናቸው አልኳቸው። ብዙ አሰቡ። ቀጥለው ሦስት ሰው ቆጠሩ። አንደኛው ስፌት ያስተማራቸው አንድ ዓይና ሰው ነው፤ ሳያሰምር ይቆርጥ ነበር። ሁለተኛዋ ድንኳን እየተከለ ትርዒት ከሚያሳይ ሰርከስ ጋር የምትዞር ሴት ናት፤ ከሰው ራስ በላይ በተወጠረ ገመድ ላይ ጃንጥላ ይዛ ትሄዳለች። ሦስተኛው ሰው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ በወደቀ ቁጥር የሚጠራ ጠላቂ ነው። ስሙን ግን አያውቁትም፤ ሰዉ ሁሉ "ጠላቂው" ነበር የሚለው።

የራሳችንንም ታላቅ ሰው ላንሣ። ስማቸውን አልጠራም፣ ልጆቻቸው አሉ። ጣሊያን ፊታውራሪ ብሎ የሾማቸው የአንድ ወረዳ ባላባት ነበሩ። ካባ ሊያሰፉ መጡ። ልካቸውን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ሜትሩ ከሆዳቸው ጋር ሲደርስ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ሽቅብ ያያሉ።

ካባው ገበር ይኑረው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እንዴታ!" አሉ። "ያለ ገበር ምን ክብር አለ?"

ከቅኔ ቤት የመጣሁ ሰው ነኝና መርፌዬን ጥዬ ማንሣት ጀመርኩ፣ ሳቄ እንዳይታይ። ሰሙ የካባው የውስጥ ጨርቅ ነው። ወርቁን፣ መገበሩን፣ እሳቸው ራሳቸው አልሰሙትም። ወዲያው ከደረቱ በላይ የጣሊያን ሰንደቅ ጥለት እንዲዞርበት አዘዙ፤ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ። የጎረቤታቸው የቀኛዝማቹ ጥለት ሁለት ጣት ስለሆነ የሳቸው ሦስት ጣት ይሁን አሉ። አለቃዬ ሦስት ጣት አደረጉት።

በዚያን ጊዜ ለአለቃዬ ከአገራቸው አንድ ደብዳቤ መጣላቸው። እህታቸው በጸሐፊ ያጻፈችው ነው። የሚያነቡለት የአገር ሰው ማርቆስ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቻንዱ ነው፤ ለእሱ ደግሞ አይነበብም። ስለዚህ ለእኔ አነበቡልኝ። መጀመሪያ በቋንቋቸው፣ ቀጥሎ በአማርኛ። የግቢው ጉድጓድ አፉ ተንዶ ነበር፣ በድንጋይ ተሠራ። የባሕሩ ነፋስ የጣሪያውን ሸክላ ሰበረ። ቁንዶ በርበሬው ዘንድሮ ጥሩ ነው። የእህታቸው ልጅ ሰርከስ ገብቷል፣ እሷም ታለቅሳለች። ሲናፍቃቸው እያወጡ ስለሚያነቡልኝ ደብዳቤውን በቃሌ ያዝኩት። በሁለቱም ቋንቋ። የዲማ ተማሪ ያልገባውን ንባብ በቃሉ መያዝ ልማዱ ነው።

በ1932 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ። ህንድ በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች የእንግሊዝ ተገዢ ሁሉ ጠላት ሆነ። ወሬው ማርቆስ በደረሰ በሳምንቱ ሁለት ባንዳ መጥተው አለቃዬን ከመኪናው ላይ አስነሥተው ወሰዷቸው። የልብስ ሣጥናቸውን ገልብጠው ደብዳቤውንም ይዘው ሄዱ።

የጠቆመው ቻንዱ ነው። እስኪይዙት ሳይጠብቅ ቀድሞ ወደ ካፒቴኑ ቢሮ ሄዶ፣ እንግሊዝን እንደሚጠላ፣ ለኢጣሊያ ታማኝ እንደሆነ ነግሮ፣ ለታማኝነቱ መያዣ ልብስ ሰፊውን ሰጠ። ሰላይ ነው አለ።

በማግስቱ ለምስክርነት ተጠራሁ። የካፒቴኑ አስተርጓሚ፣ ሠልጠን ያለ ሰው፣ በር ላይ ወደ ጎን ሳበኝ። ካፒቴኑ ነገር ማጠር እንደሚወድ ነገረኝ። ህንዱ እንግዳ ሰዎች ይመጡበት ነበር ብዬ ከመሰከርኩ ሱቁም መኪናውም የእኔ ይሆናል አለኝ። ከበሩ እስከ ካፒቴኑ ጠረጴዛ ዘጠኝ እርምጃ ይሆናል። ስድስቱን ስለ መኪናው እያሰብኩ ነው የተራመድኩት። ሌላ ሰው ይህን ይደብቅ ይሆናል።

አለቃዬ ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ግንባራቸው አብጧል። ቻንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብዳቤውን ይዞ ያነባል። በአማርኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚው በጣሊያንኛ ያቀብላል። የተሰበረው የጣሪያ ሸክላ የተሰበረ ምሽግ ሆነ። ጉድጓዱ የጥይት መጋዘን ሆነ። ሰርከስ የገባው የእህታቸው ልጅ እንግሊዝ ጦር ገብቶ፣ ከሠላሳ ካሚዮን ጋር ወደ ሱዳን እየመጣ ነው። ቻንዱ የታላቅ ቤት ልጅ ነው፤ ሲዋሽም በትልቁ ነው።

ካፒቴኑ ወደ እኔ ዞረ። ምን እንደማውቅ ተጠየቅኩ።

ደብዳቤውን እንደማውቀው ተናገርኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ በተሊቸሪ ቋንቋ አነበነብኩት። አነጋገሬ የተበላሸ ነበር፣ ግን ቻንዱ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ በአማርኛ ፈታሁት። አስተርጓሚው ካሚዮን ሳይሆን ቁንዶ በርበሬ መሆኑን ለካፒቴኑ ሲነግረው ድምፁ ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር።

ቻንዱ የደብተራ ድግምት ነው አለ። እኔም አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብለው ያነበበውን በቃሉ እንዲያስደግሙት። እውነተኛ ንባብ ሁለት ጊዜ ቢነበብ ያው ነው።

ካፒቴኑ ጨዋታውን ወደደው። ወረቀቱን ተቀበለው። ቻንዱ ደገመ፤ በሁለተኛው ጊዜ ካሚዮኖቹ ሃምሳ ደረሱ፣ መጋዘኑም ጠፋ። ካፒቴኑ እየሳቀ ጠረጴዛውን መታ። ደስ አለኝ፣ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ሞኝ ነበርኩ። ካፒቴኑ ሳቁን ሲጨርስ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። ደብዳቤው ምንም ቢል ለውጥ እንደሌለው አስተርጓሚው ነገረን። ትእዛዙ ስለ ሰላይ አይደለም፤ ህንዶች በሙሉ ይሰብሰቡ ነው የሚለው።

ከዚያ ቻንዱን የት እንደተወለደ ጠየቀው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንጠይቀው ሲነግረን የኖረው ሰው ጎዋ ነው የተወለድኩት አለ። ጎዋ የፖርቱጋል ግዛት ናት፤ ፖርቱጋል ከማንም አልተጣላችም። ወረቀቶቼ ጠፍተውብኝ ነው እንጂ እኔ የጎዋ ሰው ነኝ አለ። ስለ አያቱ ዳኝነት፣ ስለ ሰባቱ በሮች አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

አለቃዬ ከጥጉ ተናገሩ፤ በዚያ ቀን የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

"የተሊቸሪ ሰው ነው" አሉ። "የታወቀ ቤተሰብ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል።"

አስተርጓሚው አቀበለ፣ ካፒቴኑ ጻፈ።

እኔ ከተጠየቅኩት በላይ በመናገሬ ግቢ ውስጥ አሥራ አምስት ጅራፍ ተገረፍኩ። ከግርፋቱ በኋላ በሆዴ ተኝቼ ካሚዮኑን አየሁት። ቻንዱ ከሾፌሩ ጎን ለመቀመጥ በሩን ይዞ ይከራከር ነበር። አንድ ወታደር በሰደፍ ትከሻውን ብሎ ከኋላ ጫነው፤ ከአለቃዬ ጎን። ዝናብ ይዘንብ ነበር።

ሱቁ ታሸገ፣ የስፌት መኪናው ወደ ጦር ሰፈር ተወሰደ። እኔም ከመኪናው ጋር ተወሰድኩ፤ ከዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ የተጻፍኩ ያህል። ስምንት ወር ለጣሊያን ወታደር ሱሪ ጠቀምኩ። ከነጻነት በኋላ ማርቆስ ውስጥ አርበኛ ያልነበረ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። የካባ ደንበኞቼ ሁሉ ጫካ ነበሩ። እኔ ግን ሱሪ እጠቅም ነበር፣ ምስክሮች አሉኝ።

ጣሊያን ወጥቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ከተማችን ገብተው፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ አለቃዬ ተመለሱ። ዓባይን በእግራቸው ተሻግረው ነው የመጡት። ሁለት ጥርስ ጎድሏቸዋል። መኪናውን ከጦር ሰፈሩ ፍርስራሽ አውጥቼ ዘይት ቀብቼ ጠብቄያቸው ነበር። መንኮራኩሩን አዙረው ድምፁን ሰሙና "አልተሰበረም" አሉኝ።

ስለዚያ ቀን የጠየቅኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቻንዱን የተሊቸሪ ሰው ነው ያሉት ለመበቀል ነው ወይ አልኳቸው።

"እውነት ነው እኮ" አሉኝ።

ቻንዱም ተመለሰ፤ በእንግሊዞች ካሚዮን። ለእንግሊዝ ንጉሥ ሲል በጣሊያን የታሰረ ታማኝ ሰው የሚል ወረቀት ይዞ ነበር። ማኅተሙን ለገበያተኛው ሁሉ አሳይቷል። እንደገና የተሊቸሪ ሰው ሆኗል፤ አያቱም ወደ ዳኝነቱ ተመልሷል። ወደ ሱቃችን ሲገባ አለቃዬ ስፌታቸውን አላቋረጡም፣ አልተነሡም። ቻንዱ ወንበር ፈለገ። ወንበሯ ላይ እኔ ነበርኩ። ጥቂት ቆሞ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም። ሲሉ እንደሰማሁት አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ሰው ሆኖ ነው የሞተው።

ፊታውራሪም ካባቸውን ይዘው መጡ። እንዳይሾሙ የሚያግዳቸው ምንም አልተገኘም ነበር። አዲስ ካባ ይሰፋልዎ ወይ አልኳቸው። ጨርቁ ገና ነው አሉኝ። ጥለቱን በጣታቸው እያሳዩ አረንጓዴውና ቀዩ ደህና ናቸው አሉ።

"ነጩን ብቻ አውጥታችሁ ቢጫ አግቡበት።"

እኔ አልሠራም ብዬ ልመልሳቸው ነበር። አለቃዬ ካባውን ከእጄ ወስደው ሥራ ነው አሉና በግማሽ ቀን ጨረሱት። ስፌቱ ይህ ቀረህ አይባልም። ፊታውራሪ ያንን ካባ ለብሰው ንጉሠ ነገሥቱ ፊት እጅ ነሥተዋል፣ ኒሻንም ተቀብለዋል።

አለቃዬ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሰፉ። ዓይናቸው ሲደክም መቀሱን ለእኔ ሰጥተው አገሬ ልግባ ብለው ሄዱ። ይድረሱ አይድረሱ አላውቅም፤ ደብዳቤ አልመጣም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለትምህርት ቤታችን ህንዳውያን መምህራን መጡ። አንደኛው ሱሪ ሊያሰፋ ሲመጣ ስጠይቀው የተሊቸሪ አካባቢ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከዚያች ከተማ የወጡ ታላላቅ ሰዎች እነማን ናቸው አልኩት። በጣም ደስ ብሎት ቆጠረልኝ፤ ዳኛ፣ ሐኪም፣ ባለ ርስት፣ በእንግሊዝ የተሸለመ። የቻንዱን ቤተሰብም ያውቃል፤ ሰባት በር ያለው ቤት ዛሬም አለ አለኝ። ጎቪንዳን የሚባል ልብስ ሰፊ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ስሙ እዚያ አገር የብዙ ሰው ስለሆነ ማወቅ ይቸግራል አለ። የእህቱ ልጅ ሰርከስ የገባ ነው አልኩት። ሳቀ፤ እንዲህ ያሉትን ማን ይቆጥራል አለኝ።

ሱሪውን በቀጠሮው ቀን አስረከብኩት።

ለወጣት ልብስ ሰፊዎች የምነግረው አጭር ነው። ደንበኛ ልኩ እየተወሰደ ስለ ማዕረጉና ስለ ዘሩ ያወራል። ስሙት፣ አትከራከሩት፣ ደብተራችሁ ላይ ግን አትጻፉት። የሚጻፈው ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብና እጅጌ ነው።